ሂሩት ኮረብታው ላይ የሳቀችበት ቀን

እናንተዬ፣ እኔ አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነኝ። ይህን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል፤ ኋላ «ሰውዬውን ምን ያቅበጠብጠዋል?» እንዳትሉኝ። ሃያ ምናምን ዓመት እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ታክሲ ስነዳ፣ ቀይ መብራት በያዘኝ ቁጥር መሪውን እየደበደብኩ የኖርኩ ነኝ። ባለቤቴ ሂሩት ደግሞ ተቃራኒዬ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤታችን አጠገብ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ሽማግሌ ሾርባውን እስኪጨርስ አንድ ሰዓት ማንኪያ ይዛ ትጠብቃለች። እኔ ብሆን ሾርባውን ራሴ ጠጥቼለት እሄድ ነበር።

አንዲት ልጅ አለችን፣ ቤዛ። እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በአማርኛ ስንጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ስትናደድ ግን አማርኛዋ ይጠራል። ኮሌጅ እንደጨረሰች «ጃፓን ሄጄ እንግሊዝኛ ላስተምር ነው» አለችን። ሂሩት አንድ ሳምንት አለቀሰች፣ እኔ አንድ ሳምንት ተቆጣሁ፣ እሷ ሄደች። በዓመቱ «ኑና እዩኝ፣ ሁልጊዜ ቫኬሽናችሁን አዲስ አበባ ነው የምትጨርሱት» ብላ ወጠረችን። ባለፈው ግንቦት ተነስተን ሄድን።

ከመሄዳችን በፊት ሂሩት አዲስ አበባ ላሉት አባቷ ደወለች። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የዓለምን ካርታ ሲያስተምሩ ኖረው አንድም ቀን ከአገር አልወጡም። ስልኩ ላውድ ላይ ስለነበር እኔም እሰማለሁ።

«ጃፓን ተራራማ አገር ናት» አሏት። «ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውጪና ደውይልኝ። የምታዪውን አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ ደግሞ ሰሜኑ በየት በኩል እንደሆነ እነግርሻለሁ።»

«እሺ አባባ፣ ቃሌ ነው!» አለች እየሳቀች።

ይቺን ቃሏን ያዙልኝ። የዚያን ቀን ጣጣ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

ኦሳካ የሚባል ከተማ ውስጥ፣ ቤዛ ከምትኖርበት ሰፈር አጠገብ ሆቴል ይዘን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሂሩት ሻወር ውስጥ እያለች ስልኬ ጮኸ። እዚያው አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ያለው ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ደረጀ ነው።

«ሰሎሞን፣ ሂሩት አጠገብህ ናት?»

«ሻወር ናት። ምነው ጋሼ?»

«ውጣ እስቲ ወደ ውጭ።»

በካልሲ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ።

«አባባ አረፈ» አለኝ። «ሌሊቱን፣ በተኛበት ነው። ቀብሩ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ነው፣ በአዲስ አበባ ሰዓት።»

አባባ! የዛሬ ሳምንት እኮ ነው በስልክ ሲስቁ የሰማኋቸው። «ታዲያ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?» አልኩት።

«እንዳትነግራት! እንዴ ሰሎሞን! ሰው በሌለበት አገር? ማን ደግፏት ነው የምታለቅሰው? ደም ግፊቷንስ አታውቅም? አራት ቀን ነው የቀራችሁ። ስትመጡ ዘመድ ወዳጁን ይዤ በንጋት ቤታችሁ እመጣለሁ፣ በወጉ እናረዳታለን። እስከዚያ ፌስቡክ እንዳታይ ጠብቃት። አደራህን።»

«እሺ» አልኩ። ታላቅ ነው፣ ወንድሟ ነው፣ እሱም አባቱን ነው ያጣው፤ ምን ልበል?

ሁለታችንም ኢንተርኔት የምናገኘው ከኤርፖርት በተከራየናት የኪስ ዋይፋይ ነበር። የሳሙና ቁራሽ የምታክል ዕቃ ናት፣ ውሎዋም እኔ ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው። ሂሩት የሆቴሉን ዋይፋይ አስገብታ አታውቅም። ከሻወር ሳትወጣ ዋይፋይዋን አጠፋኋትና ኪሴ ውስጥ መልሼ ከተትኳት።

«ማነው የደወለው?» አለች ፀጉሯን እየጠቀለለች።

«ጋሼ ደረጀ። ሰላም ሊለን ነው።»

«ምነው ሳያናግረኝ?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

የዚያን ቀን ፕሮግራማችን ናራ ነበር። በባቡር አንድ ሰዓት ባይሞላ ነው፤ የጥንት ቤተ መቅደሶች ያሉባት ከተማ ናት። ከቤተ መቅደሶቹ ጀርባ ዋካኩሳ የሚባል ከላይ እስከ ታች ሣር የለበሰ ኮረብታ አለ። ሂሩት ገና ከሲልቨር ስፕሪንግ ሳንነሳ ቤዛ የላከችላትን ፎቶ አይታ «ለአባባ የምደውለው ከዚህ ላይ ነው» ብላ መርጣዋለች። ባቡሩ ውስጥ አምስት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ጃፓኖቹ ዝም ብለው ያዩኛል።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ሆድህን አሞሃል?»

«ጀርባዬን ነው» አልኩ።

ናራ ስንደርስ አጋዘኑ እንደ ሰው መንገድ ላይ ይሄዳል። ብስኩት ስታሳዩት አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይላችኋል። ሂሩት በሳቅ ሞተች፤ እሷም እጅ እየነሳች መለሰችላቸው። ትልቁ ቤተ መቅደስ በር ላይ ስንደርስ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

«እኔ ጣዖት ቤት አልገባም። ከዚሁ ይታየኛል፣ እናንተ ግቡ።»

«እማዬ፣ ኢትስ ጀስት ኧ ቢልዲንግ!» አለች ቤዛ።

«ቢልዲንግ ከሆነማ ከውጭ ይበቃኛል» አለችና ብስኩቷን ይዛ ወደ አጋዘኖቿ ተመለሰች።

አጋጣሚውን አገኘሁ። በሩን እንዳለፍን ቤዛን ጎተት አድርጌ ነገርኳት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ፤ አያቷን በየክረምቱ እየሄደች ታውቃቸዋለች። አለቀሰች፣ ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ቀና አለች። አማርኛዋ ጠራ።

«ዛሬ ነው የሚቀበረው? ዛሬ? እና አትነግራትም?»

«አጎትሽ እንዲህ ይሻላል ብሏል።»

«አባቷ ነው እኮ! ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ሮንግ። ዛሬ ልትደውልለት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችው። ስትጠይቅህ ምን ልትላት ነው?»

«አንቺ ዝም በይ ብቻ። ቤዚዬ፣ በእናትሽ።»

«በእናቴ?» አለችኝ። አፈርኩ፤ ግን አልመለስኩም።

ኮረብታው በር ላይ ቲኬት ቆርጠን፣ በጎን በኩል ባለው ደረጃ መውጣት ጀመርን። ሂሩት ጉልበቷን እያመማት እንኳ ከፊት ናት። ከፍ እያልን ስንሄድ የትልቁ ቤተ መቅደስ ጣራ ከዛፎቹ በላይ ብቅ አለ፤ ከዚያ ከተማው በሙሉ፣ ከዚያ ከከተማው ወዲያ ያሉት ተራሮች። ሣሩ ለስላሳ ነው። ሰዎች ጨርቅ አንጥፈው መክሰስ ይበላሉ። እኔ በየአስር ደረጃው ሰዓቴን አያለሁ። ጃፓን ስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እዚያ እኩለ ቀን የሚሆነው እኛ ጋ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ ነው። አሁን አስከሬኑ ገና ቤት ነው እላለሁ በሆዴ፣ አሁን ድንኳኑ ሞልቷል። ደረጃ ስቆጥር ይጠፋብኝና ከአንድ እጀምራለሁ።

ላይ ስንደርስ ሂሩት ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ሶሌ፣ ዋይፋይዋ አትሠራም።»

«ባትሪዋ ሳያልቅ አልቀረም።»

«ጠዋት ቻርጅ አላደረግካትም? ወይ አንተ! ቤዛ፣ የአንቺን ስጪኝ በይ። አባባ እየጠበቀኝ ነው፣ አሁን ቁርሱን በልቷል።»

ቤዛ ወደ እኔ አየች። «ስልኬ ቻርጅ የለውም እማዬ» አለችና ፊቷን አዞረች። ልጄ ስትዋሽ ገና ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ጆሮዋ ይቀላል። አሁንም ቀላ። እናቷን እንድትዋሽ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

«እሺ ግድ የለም» አለች ሂሩት፤ እሷ መቼ ትናደዳለች? «ቪዲዮ አንሳኝ። ማታ እልክለታለሁ።»

አጠገባችን ትንንሽ የትምህርት ቤት ልጆች ቁልቁለቱ ላይ እየተንከባለሉ ይወርዱ ነበር። ሂሩት አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጠቀች። ምን ልታደርግ ነው ብዬ ሳልጨርስ ሣሩ ላይ ተኝታ መንከባለል! የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት! ልጆቹ ጮኹ፣ አጨበጨቡላት። ሣር ፀጉሯ ላይ ተጣብቆ ተነስታ ቆመችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሃያ አራት ዓመት ትዳር እንደዚያ ስትስቅ ያየሁባት ቀን በጣት ይቆጠራል።

«አየህ አባባ!» አለች ወደ ስልኬ እየጮኸች። «ልጅህን አየሃት?»

ስልኩን ከፊቴ አላወረድኩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ፔትዎርዝ የሚባል ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር አንድ አፓርትመንት ውስጥ እኖር ነበር፤ ሂሩት ያኔ እጮኛዬ ናት። አሌክሳንድሪያ አንድ አዳራሽ ውስጥ የጓደኛችን ሠርግ ተደገሰ። ጭፈራ ነፍሴ ነው። መሐል ገባሁ፣ ሰዉ ክብ ሠርቶ አጨበጨበልኝ፣ ሁሉም እኔን ብቻ ያያል። በሆዴ «ዛሬስ ጨፈርኩ!» እላለሁ። በሳምንቱ በንጋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። አገር ቤት እናቴ ካረፈች አስራ ስምንት ቀን ሆኗት ነበር። ያ ሁሉ የሠርግ ሰው ያውቅ ነበር። ሂሩትም ታውቅ ነበር።

ስለዚህ ነገር ከሂሩት ጋር ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ለእኔ ብለው ነው፣ ይቅር ብያለሁ፣ እል ነበር። ግን የዚያ ሠርግ ዲቪዲ ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ አንድም ቀን አልነካሁትም። እናቴ ሞታ ስስቅ ማየት አልችልም።

እና አሁን ያቺ ሴት ሣር ፀጉሯ ላይ ይዛ እየሳቀች ነው። በዚህኛው ክብ ውስጥ እያወቅኩ የማጨበጭበው እኔ ነኝ። ነገ ይህን ቪዲዮ ስታየው ምን ልትለኝ ነው? ደግሞስ ቃሏን መቼ ነው የምትፈጽመው? ከአንድ ሰዓት በኋላ እኮ የአባባ አስከሬን ከቤት ይወጣል።

ቪዲዮውን አቆምኩ። ወደ እሷ ወረድኩና ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሂሩት፣ ነይ ተቀመጪ።»

እየሳቀች መጣች። ከዚያ አየችኝ። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አንተ ቁጭ ብለህ ተቀመጪ ስትለኝ ዛሬ ገና ነው» አለች። «ምንድን ነው? ማነው?» ጋሼ ደረጀ ጠዋት መደወሉ ትዝ አላት መሰለኝ፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አባባ ነው?»

«አባባ ነው» አልኳት።

የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሕፃናቱን አስተማሪያቸው ሰብስባ ወሰደቻቸው። ቤዛ እየሮጠች መጥታ እናቷን ከኋላ አቀፈቻት። ሂሩት ደረቷን እየመታች «አባባዬ! አባባዬ!» ትላለች። ጋሼ ደረጀ ልክ ነበር፣ የሚያለቅስላት ዘመድ የለም፤ ሦስታችን ብቻ ነን። በኋላ አጠገባችን መክሰስ ይበሉ ከነበሩት አንዲት አሮጊት ጃፓናዊት ተነስተው መጡ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ከሂሩት ፈንጠር ብለው በጉልበታቸው ተቀመጡና አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። ልቅሶ ደራሽ ማለት ከዚህ በላይ ምንድን ነው?

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለችኝ ትንፋሿ ሲመለስ።

«ጠዋት።»

«ሲቀበርስ?»

«ገና ነው። አሁን ቤት ነው።»

ተነሳች። «ዋይፋይዋን አብራት» አለች።

እጄን ኪሴ ከትቼ አበራኋት። ስልኳ ሳያቋርጥ መንጫጫት ጀመረ፣ ነፍስ ይማር የሚል መልእክት በላይ በላዩ ይወርዳል። አላየችውም። አዲስ አበባ ለእህቷ ልጅ ደወለች። አነሳው፤ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ከኋላው የካህናቱ ድምፅ ይሰማል።

«አክስቴ? እንዴ፣ ነገሩሽ እንዴ?»

«አባባ ጋ ውሰደኝ።»

«አክስቴ…»

«አባባ ጋ ውሰደኝ አልኩህ! ሳጥኑ ላይ አድርገኝ።»

ልጁ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ሲንቀሳቀስ ግን ይሰማል። ከዚያ ስልኩን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። ሂሩት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ጉሮሮዋን አጸዳች። እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አባባ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ወጥቻለሁ» አለች። «ቃሌ ነው ብዬህ የለ? በሙሉ ሣር ነው። ከታች ትልቅ ጥቁር ጣራ አለ፣ ጫፉ ላይ ወርቅ ነገር አለው። ከጣራው ወዲያ ዛፍ፣ ከዛፉ ወዲያ ከተማ ነው። ከተማው ዝርግ ነው አባባ፣ ዙሪያውን ተራራ ነው። ፀሐይዋ ከፊት ለፊቴ ናት፣ ወደ ተራራው እየወረደች ነው።» ግራ ቀኙን አየች። «ሰሜኑ በየት ነው? ንገረኛ! እነግርሻለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

ቤዛ እያለቀሰች የእናቷን ትከሻ ያዘችና ወደ ቀኝ ጠቆመች። «በዚህ ነው እማዬ። ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ከዞርሽ ሰሜን በቀኝሽ ነው። አባባ ነው ያስተማረኝ።»

ሂሩት ወደ ቀኟ ዞረች። «አገኘሁት አባባ» አለች።

የኮረብታው ጠባቂ መዝጊያ ሰዓት ደርሶ ሊያስወጣን መጥቶ ነበር። ሁኔታችንን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ራቅ ብሎ ቆመ፤ እስክንጨርስ አልጠራንም። ቀብሩን ከታች፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን በስልክ ተከታተልን። አፈሩ ሲመለስ ሂሩት ጭንቅላቷን እኔ ትከሻ ላይ አድርጋ ነበር። ጋሼ ደረጀ መሐል ላይ ደወለልኝ።

«አንተ ሰው አይደለህም!» አለኝ። «አደራ ብዬህ! ሜዳ ላይ አስጮህካት!»

«ኮረብታ ላይ ነው ጋሼ» ብዬው ዘጋሁት። እስካሁን የሚቆረቁረኝ መልስ ነው፤ ያን ቀን አባቱን ለቀበረ ሰው አይባልም ነበር። ሁለት ወር አኩርፎኛል፣ አልፈርድበትም።

እንግዲህ እናንተ ደግሞ «ወጉ ይቅር ልትለን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አልልም። ስንመለስ ቤታችን በሰው ተሞላ፤ ከሌላ ከተማ፣ ከሎረል ድረስ ምግብ ይዘው የመጡ አሉ። እነሱ ባይኖሩ ሂሩት እንዴት ትነሳ እንደነበር አላውቅም። ያልነገረ ሁሉ ክፉ ነው ብዬ ሃያ አምስት ዓመት በሆዴ የያዝኩት ነገርም ትክክል አልነበረም። እሱን ያወቅኩት ሐዘኑ ከወጣ በኋላ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ነው።

ሂሩት ከቁም ሳጥኑ ያንን ዲቪዲ አውጥታ መጣች። አሮጌውን ማጫወቻ ከየት እንዳገኘችው እንጃ።

«አላይም» አልኳት።

«ያንተን ቪዲዮ እኔ አይቼዋለሁ» አለች። «የኮረብታውን። ስስቅ አይደለም የሚሰማው፣ ከስልኩ ጀርባ አንተ ስታለቅስ ነው። ስቅስቅ ብለህ። አንተ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ዝም ያልኩ ነው የመሰለኝ።

አጫወተችው። ያ አዳራሽ፣ ያ ሙዚቃ፣ እኔ ቀጭን ሆኜ እጄን ዘርግቼ እየጨፈርኩ። ዓይኔን ልጨፍን ስል ሂሩት ምስሉን አቆመችው።

«እኔን አትይ። ከኋላህ እይ» አለችኝ።

ከኋላዬ አንድ ጠረጴዛ አለ። አንዲት ወጣት ልጅ ከወንበሯ ግማሽ ተነስታለች፤ ፊቷ በእንባ ታጥቧል፣ ወደ እኔ እጇን ዘርግታለች። ጋሼ ደረጀ ክንዷን ይዞ ወደ ወንበሩ ይጎትታታል።

«ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ» አለች ሂሩት። «ሦስቱንም ጊዜ አስቀምጦኛል። አራተኛውን መነሳት ነበረብኝ፣ ሶሌ። አንተ እንደተነሳህልኝ።»

አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነኝ ብያችሁ ነበር። የዚያን ቀን እሁድ ያቺን የቆመች ምስል እያየሁ፣ የሂሩትን እጅ ይዤ፣ እስኪመሽ ድረስ ከሶፋው ላይ አልተነሳሁም።